ዐይን የማያየው፣ ኮምፒውተር የሚቆጥረው ባዶ ቦታ የሕግን ትርጉም እንዴት ሊያዛባ ይችላል?

በናይሮቢ ሁርሊንግሃም የሚባለውን ሠፈር የሚያቋርጠው ዋና ጎዳና የኬንያ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ጠበቃ እንደነበሩ በሚነገርላቸው በአርግዊንግስ ኮዴክ ስም ይጠራል። የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮዴክ በአውሮፓውያኑ 1969 ሕይወታቸው ያለፈው በዚሁ መንገድ ላይ ነበር። በእርሳቸው ዘመን አንድ ጠበቃ የአገሩን ሕግ ለማመሳከር ወፋፍራም ጥራዞችን ማገላበጥ ነበረበት።

ዛሬ በዚያው ጎዳና ዳር ካሉት ቢሮዎች ወይም የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ የተቀመጠ ሰው በ2010 የጸደቀውን የኬንያ ሕገ መንግሥት በእጅ ስልኩ ከፍቶ ያነባል። ሕጎቹን በነጻ የሚያቀርበው በ1994 በወጣ ሕግ የተቋቋመውና በተለምዶ ኬንያ ሎው የሚባለው የሕግ ዘገባ ብሔራዊ ምክር ቤት ነው። በአዲሱ ድረ ገጹ ላይ አንድን ሕግ የከፈተ አንባቢ በአድራሻው መስመር ውስጥ «ኤ»፣ «ኬ» እና «ኤን» የተባሉ ሦስት የላቲን ፊደላትን ያያል። ፊደላቱ «አኮማ ንቶሶ» የሚለው ስም ምሕጻር ናቸው።

አብዛኛው አንባቢ ልብ ሳይላቸው ያልፋል። ከእነዚህ ፊደላት ጀርባ ግን የሕግን ጽሑፍ ኮምፒውተር በሚገባው መልክ የማስቀመጥ የሃያ ዓመት ሥራ አለ። በዚያ ሥራ ውስጥ ደግሞ ባለሙያዎችን ደጋግሞ የሚያስቸግር፣ ሲሰሙት ተራ የሚመስል ጉዳይ አለ፤ እርሱም ባዶ ቦታ ነው።

የተሳሰሩ ልቦች

አኮማ ንቶሶ በጋናው የአካን ቋንቋ «የተሳሰሩ ልቦች» ማለት ሲሆን፣ መግባባትንና አንድነትን የሚወክል ባህላዊ ምልክት መጠሪያም ነው። ስሙ የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳዮች ክፍል የአፍሪካ ምክር ቤቶችን የመረጃ ሥርዓት ለማጠናከር ከ2004 ጀምሮ ባካሄደው ሥራ ለተወለደ የሰነድ አቀራረብ ደንብ ነው። ደንቡን የነደፉት በጣሊያን የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የሆኑት ፋቢዮ ቪታሊ እና ሞኒካ ፓልሚራኒ ናቸው። በዚሁ ሥራ ናይሮቢ ላይ «ቡንጌኒ» የተባለ የምክር ቤቶች ሶፍትዌር ተሠርቷል፤ ቃሉ በስዋሂሊ «በምክር ቤት ውስጥ» እንደማለት ነው። በአፍሪካ ምክር ቤቶች ስም የተጀመረው ደንብ በነሐሴ 2018 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኖ ጸድቋል።

ደንቡ የሚጠቀምበት ቋንቋ ኤክስኤምኤል ይባላል። በኤክስኤምኤል የተጻፈ ሰነድ እያንዳንዱ ክፍሉ ምን እንደሆነ በምልክት ይነገርበታል፤ ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ ንኡስ አንቀጽ ነው እየተባለ። ሕጉ አንዴ እንዲህ ከተቀመጠ በኋላ ከአንዱ ምንጭ ድረ ገጽ፣ የሚታተም ገጽ ወይም ጌጥ የሌለው ተራ ጽሑፍ ማውጣት ይቻላል። ይህን የመቀየር ሥራ ከሚሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ኤክስኤስኤልቲ ነው። የመጀመሪያው እትሙ በኅዳር 1999 የወጣ ሲሆን፣ «ርእስ ስታገኝ እንዲህ ጻፍ፣ ቁጥር ስታገኝ እንዲያ አድርግ» የሚሉ ትእዛዛት የሚሰፍሩበት የቅርጽ ሰነድ ነው። ባለሙያዎች ስታይልሺት ይሉታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የተደበቀው ጥፋት

አንድን የኤክስኤምኤል ሰነድ ሰው ሲያዘጋጀው ለዐይን እንዲመች ምልክቶቹን በየመስመሩ ይደረድራቸዋል፤ የበታቹን ከበላዩ ገባ ያደርገዋል። ብዙ ማረሚያ ፕሮግራሞችም ይህንኑ በራሳቸው ያደርጉታል። ለምሳሌ፦

<አንቀጽ>
    <ቁጥር>35</ቁጥር>
    <ርእስ>መረጃ የማግኘት መብት</ርእስ>
</አንቀጽ>

አዘጋጁ እዚህ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ቁጥርና ርእስ። ኮምፒውተሩ ግን አምስት ያያል። ከቁጥሩ በፊት አዲስ መስመርና አራት ክፍተት አለ፤ በቁጥሩና በርእሱ መካከልም እንዲሁ፤ ከርእሱ በኋላ ደግሞ ሌላ አዲስ መስመር አለ። የኤክስኤምኤል ደንብ በምልክቶች መካከል ያለ ማንኛውም ባዶ ቦታ ለሚቀጥለው ፕሮግራም ተላልፎ መሰጠት እንዳለበት ያዛል። ለጌጥ የገባው ባዶ ቦታ የትኛው እንደሆነ፣ ለትርጉም የገባውም የትኛው እንደሆነ መለየት ለዚያ ፕሮግራም የተተወ ጉዳይ ነው።

ኤክስኤስኤልቲ ደግሞ የራሱ ልማድ አለው። ስለ አንድ ክፍል ምንም ትእዛዝ ካልተሰጠው ወደ ውስጡ ይዘልቅና ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ እንዳለ ይገለብጣል። ባዶ ቦታም ለእርሱ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ለዐይኑ ብሎ ያስገባቸው መስመሮችና ክፍተቶች ሳይጠሩ ወደ ውጤቱ ይገባሉ።

ይህ ጥፋት ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ሊቆይ የሚችል መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል። ውጤቱ ድረ ገጽ ከሆነ የኢንተርኔት ማሰሻው የተደራረቡ ክፍተቶችንና መስመሮችን አንድ ላይ ጨፍልቆ እንደ አንድ ክፍተት ያሳያቸዋል። ማንም ቅር የሚሰኝበት ነገር አያይም። ያው ሰነድ ወደ ተራ ጽሑፍ ሲቀየር ግን የሚሸፍነው የለም። በአንቀጾች መካከል ሰባትና ስምንት ባዶ መስመሮች ይደረደራሉ፣ ቁጥሩ ከርእሱ ተለይቶ ሌላ መስመር ላይ ይወድቃል፣ ዐረፍተ ነገሩ ከገጹ መሃል ይጀምራል።

ሌላኛው ምንጭ የቅርጽ ሰነዱ ራሱ ነው። ኤክስኤስኤልቲ በትእዛዛት መካከል ያለውን ንጹሕ ባዶ ቦታ ይጥለዋል። ነገር ግን በዚያ ቦታ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ ከተጻፈች በዙሪያዋ ያለው መስመርና ክፍተት ሁሉ አብሯት ይተርፋል። አንድ ጸሐፊ «አንቀጽ» የሚለውን ቃል ለንባብ እንዲመቸው ለብቻው መስመር ላይ ካስቀመጠው፣ ቃሉ ከፊቱና ከኋላው መስመር አስከትሎ ይወጣል። መፍትሔው ቃሉን «ቴክስት» በተባለው ትእዛዝ ውስጥ መክተት ነው፤ ያን ጊዜ በትእዛዙ ውስጥ ያለው ብቻ ይወጣል፣ ከውጭ ያለው ይቀራል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ፕሮግራም አውጪ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ሊውል ይችላል።

ሕግ ሲሆን ለምን ይለያል?

ለተራ ዘገባ ትርፍ መስመር የውበት ጉድለት ነው። በሕግ ጽሑፍ ግን የመስመሩ አቀማመጥ የትርጉም አካል ነው። ለማሳያ ብቻ የተዘጋጀውን የሚከተለውን ድንጋጌ እንመልከት፦

የሚከተሉት ድርጊቶች በእስራት ያስቀጣሉ፦
    (ሀ) ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ፤ ወይም
    (ለ) በሌላ ሰው ማኅተም መጠቀም፤
ይህም የሚሆነው ድርጊቱ ለማታለል ታስቦ የተፈጸመ ሲሆን ነው።

የመጨረሻው መስመር ወደ ገጹ ጠርዝ የተመለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱም ድርጊቶች ላይ የሚጸና ሁኔታ ስለሆነ ነው። አሁን ከፊቱ ያለው መስመር ጠፍቶ ዐረፍተ ነገሩ ከ(ለ) ጋር ቢቀጠል ምን ይሆናል? የማታለል ሐሳብ የሚጠየቀው በማኅተሙ ላይ ብቻ ነው የሚል ንባብ በር ይከፈትለታል። ሰነዱ ሐሰተኛ መሆኑን ሳያውቅ ያቀረበ ሰው በዚህ ንባብ ጥፋተኛ ነው። አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ የሄደው አንድ የመስመር ምልክትና ጥቂት ክፍተት ነው።

አኮማ ንቶሶ ለዚህ ዓይነቱ ማሳረጊያ ዐረፍተ ነገር የራሱ ምልክት አለው፤ ከዝርዝሩ በፊት ለሚመጣው መግቢያም እንዲሁ። ስለዚህ በኤክስኤምኤሉ ውስጥ አሻሚነት የለም። አደጋው የሚመጣው ሰነዱ ምልክቶቹን አውልቆ ተራ ጽሑፍ በሚሆንበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ምልክቱ ይሸከመው የነበረውን ትርጉም የሚሸከመው ባዶ ቦታው ብቻ ይሆናል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስጋት አይደለም። የኬንያ ሎው አዲስ ድረ ገጽ የተገነባው ላውስ ዶት አፍሪካ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ባዘጋጀው ቴክኖሎጂ ላይ ነው። ድርጅቱ የሕግ አዘጋጆች በኤክስኤምኤል ምልክቶች እንዳይቸገሩ ሲል «ብሉቤል» የተባለ የአጻጻፍ ስልት አበጅቷል። ሕጉ በኤክስኤስኤልቲ አማካይነት ወደ ተራ ጽሑፍ ይቀየራል፣ አዘጋጁ ያርመዋል፣ ከዚያ ጽሑፉ ተመልሶ ኤክስኤምኤል ይሆናል። በብሉቤል የትኛው ንኡስ አንቀጽ በየትኛው ሥር እንዳለ የሚታወቀው ከመስመሩ መጀመሪያ ባለው ክፍተት መጠን ነው። እንግዲህ በመሄጃው መንገድ ላይ ክፍተቱ ቢዛባ፣ በመመለሻው ላይ ንኡስ አንቀጹ ሌላ ወላጅ ያገኛል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ባዶ ቦታን መቆጣጠር ከዋናው ሥራ የሚነጠል አይሆንም።

እንክርዳዱን ሲነቅሉ

ታዲያ ባዶ ቦታውን በሙሉ ጠርጎ ማውጣት አይቻልም? ይቻላል፤ ኤክስኤስኤልቲ «ስትሪፕ ስፔስ» የሚባል ትእዛዝ አለው። በዚህ ትእዛዝ ከምንጩ ሰነድ ውስጥ ምንም ፊደል የሌለባቸው ባዶ ቦታዎች ሁሉ ከሥራው በፊት ይወገዳሉ። ከላይ የታየው የአንቀጽ 35 ምሳሌ በዚህ ብቻ ይድናል።

እንክርዳዱን ሲነቅሉ ስንዴውም አብሮ የሚነቀልበት ጊዜ ግን አለ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚከተለው ተጽፏል እንበል፦

<ስም>አርግዊንግስ</ስም> <ስም>ኮዴክ</ስም>

በሁለቱ ስሞች መካከል ያለችው ክፍተት ፊደል የላትም። ትእዛዙ ይጥላታል፤ የሚወጣውም «አርግዊንግስኮዴክ» ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ትእዛዙን መዋቅርን ብቻ በሚይዙ ክፍሎች ላይ ይወስኑታል፤ ምዕራፍ፣ አንቀጽና ዝርዝር የመሳሰሉት ላይ። ዐረፍተ ነገር በሚያዝባቸው ክፍሎች ላይ ደግሞ ተቃራኒውን፣ «ፕሪዘርቭ ስፔስ» የተባለውን፣ ይጠቀማሉ። የትኛው ክፍል ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት የሰነዱን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ አይደርስበትም።

ሦስተኛው መሣሪያ «ኖርማላይዝ ስፔስ» ይባላል። የአንድን ጽሑፍ ጫፍና ጫፍ ከባዶ ቦታ ያጸዳል፣ በመሃል የተደራረበውንም ወደ አንድ ክፍተት ያወርዳል። ከሁሉም የሚወደደው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ አላግባብ ጥቅም ላይ የሚውለውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። «በ2010 የጸደቀው <ደማቅ>ሕገ መንግሥት</ደማቅ> ያዛል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ኤክስኤስኤልቲ በሦስት ቁራጭ ነው የሚያየው። መሣሪያው በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ለየብቻው ከዋለ የሁሉንም ጫፍ ይላጫል፤ ውጤቱም «በ2010 የጸደቀውሕገ መንግሥትያዛል» ይሆናል። መዋል ያለበት ቁራጮቹ ተሰብስበው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከሆኑ በኋላ ነው።

ከዚህም የሚያመልጥ አለ። ኤክስኤምኤል ባዶ ቦታ ብሎ የሚያውቃቸው አራት ምልክቶችን ብቻ ነው፤ ተራውን ክፍተት፣ ታብን እና ሁለቱን የመስመር ምልክቶች። ከማይክሮሶፍት ወርድ የተገለበጠ ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ የማይበጠስ ክፍተት የሚባለውን ይዞ ይመጣል። ለዐይን ከተራው ክፍተት አይለይም፤ ለኤክስኤስኤልቲ ግን እንደ ማንኛውም ፊደል ነው፣ አይነካውም። መሣሪያዎቹ ራሳቸውም ሁልጊዜ አይስማሙም። የማይክሮሶፍት የቆየው ኤምኤስኤክስኤምኤል ሰነዱን ሲጭን ባዶ ቦታውን አስቀድሞ የመጣል ልማድ ስላለው፣ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ጥሩ የሠራ የቅርጽ ሰነድ በሌላው ላይ የተለየ ውጤት ይሰጣል።

በ2007 የወጣው ሁለተኛው የኤክስኤስኤልቲ እትም አንድ ትንሽ ግን ጠቃሚ ነገር ጨምሯል። ዝርዝር ሲወጣ በነጠላዎቹ መካከል ምን እንደሚገባ በቀጥታ መናገር ያስችላል። በፊት ከእያንዳንዱ በኋላ ክፍተት ወይም ነጠላ ሰረዝ ይጻፍና ከመጨረሻው ላይ የተረፈውን ለማስወገድ ሌላ ዘዴ ይፈለግ ነበር።

ሁለት ነጥብ እና ባዶ ቦታ

ለአማርኛ አንባቢ ጉዳዩ ተጨማሪ ገጽታ አለው። በግዕዝና በቀደመው የአማርኛ ጽሑፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ባዶ ቦታ ሳይሆን የሚታይ ምልክት ነው፤ ሁለት ነጥብ (፡)። ምልክቱ የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሆኖም የተመዘገበው በሥርዓተ ነጥብ ወገን እንጂ በባዶ ቦታ ወገን አይደለም። ስለዚህ ከላይ ከተጠቀሱት መሣሪያዎች አንዱም አያውቀውም። «ሰላም፡ለኪ» የሚለው ለኤክስኤስኤልቲ ክፍተት የሌለው አንድ ረጅም ቃል ነው። ከሁለት ነጥቡ ጎን ተራ ክፍተትም የሚጨምሩ ጸሐፊዎች ስላሉ ደግሞ በአንዱ ሰነድ ሁለቱም ተቀላቅለው ይገኛሉ።

በጀርመን ሐምቡርግ የሚካሄደው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘ ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት በኤክስኤምኤል ይመዘግባል። ሥራው በ2016 የተጀመረ ሲሆን እስከ 2040 እንዲዘልቅ ታቅዷል። የብራና ጸሐፊ መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን በየትኛውም ፊደል ላይ ቆርጦ ከታች ይቀጥላል፤ የማያያዣ ሰረዝ አያደርግም። «እግዚአ» ከላይ ቀርቶ «ብሔር» ከታች ሊጀምር ይችላል። አንድ ፕሮግራም የመስመሩን ምልክት እንደ ለመደው ወደ ክፍተት ቢቀይረው የአንድ ቃል ሁለት ግማሽ ተለያይቶ ይቀራል፤ ቃሉን የሚፈልግ ተመራማሪም አያገኘውም። ለዚህ ሲባል ምሁራን ለጽሑፍ ቅርስ የሚጠቀሙበት ደንብ «እዚህ ላይ መስመር ተቆርጧል፣ ቃሉ ግን አልተቆረጠም» ብሎ መመዝገብ ያስችላል። ለላቲን ፊደል የተጻፈው ምክር እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ ሁለት ነጥቡ በወጥነት በገባበት ጽሑፍ ባዶ ቦታውን በሙሉ ቢጥሉት የሚጎድል ቃል የለም።

በነገራችን ላይ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አንቀጽ» እና «ርእስ» ተብለው በግዕዝ ፊደል የተጻፉት ምልክቶች በመጀመሪያው ኤክስኤምኤል አይፈቀዱም ነበር። በየካቲት 1998 የወጣው ደንብ ለስያሜ የሚያገለግሉትን ፊደላት በወቅቱ በነበረው ዩኒኮድ ስለወሰነ ግዕዝ ከውጭ ቀረ። በ2004 የወጣው 1.1 የተባለ እትም በሩን ቢከፍትም ብዙ ተጠቃሚ አላገኘም። በዋናው ደንብ ላይ ማሻሻያው የገባው በ2008 ነው።

ሰባ ፊደል

ባዶ ቦታ በገንዘብ የሚመነዘርበት ስፍራም አለ፤ የአጭር መልእክት አገልግሎት። በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ የሚላክ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን ግን ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚሰጥ ጣሪያው ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍልም ለማያያዣ ከሚወሰደው ቦታ የተነሳ 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። በጅምላ የሚልክ ድርጅት የሚከፍለው በክፍሎቹ ቁጥር ነው። ክፍተትም አዲስ መስመርም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራሉ።

አንድ ማስታወቂያ ከኤክስኤምኤል ሰነድ ሲወጣ በስድስት መስመር ላይ ስምንት ስምንት ክፍተት ሾልኮ ገባ እንበል። ክፍተቱ 48 ነው፤ ከስድስቱ የመስመር ምልክቶች ጋር 54 ይሆናል። ለመልእክቱ የቀረው 16 ፊደል ነው፤ «ነገ ጠዋት ቢሮ ይምጡ» ለማለት እንኳ ጥቂት ብቻ ይተርፋል። መልእክቱ ለናይሮቢ ኢትዮጵያውያን የሚላክ የቀጠሮ ማስታወሻ ቢሆን፣ ስልኩን የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ባዶ ስክሪን ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ስሕተት በዐይን ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች ክፍተቱን በነጥብ፣ ታብን በቀስት የሚያሳዩበት አማራጭ አላቸው። ጥንቃቄ የሚያደርጉ ቡድኖች ደግሞ የሚጠበቀውን ውጤት ከነባዶ ቦታው አስቀምጠው፣ የቅርጽ ሰነዱ በተነካ ቁጥር አዲሱን ውጤት ከዚያ ጋር ፊደል በፊደል በኮምፒውተር ያስተያያሉ። ንጽጽሩ የአንዲት ክፍተት ልዩነት ካገኘ ሥራው እዚያው ይቆማል።